የኦስሎው ቤተ መዘክርና የፕሪንስዳሉ ማዕድ

ከኖርዌይ ከተመለስሁ ወዲህ የሥራ ባልደረቦቼ የሚጠይቁኝ ስለ በረዶው ነው። በረዶ አላየሁም። የሄድሁት በጥቅምት ነበር፤ ዛፉ ሁሉ ቢጫ ለብሶ ቅጠሉን የሚያራግፍበት ወቅት። ያየሁትን በአንድ የሻይ ሰዓት ተናግሬ አልጨርሰውም፤ አብዛኞቻችሁም ያን አገር የማየት ዕድል አይገጥማችሁ ይሆናል። ስለዚህ ቀን በቀን እንደሆነው ጻፍሁት።

እኔ ደሴ ውስጥ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ታናሽ እህቴ ሰዓዳ ኦስሎ ከገባች ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። የመጀመሪያ ልጇን ሂክማን ያሲን የሚባል የወሎ ልጅ ሊያገባት ነው፣ ሽማግሌ ሲመጣ ከእናት ወገን አንድ ትልቅ ሰው ይኑር ብላ ጠርታኝ ነው የሄድሁት።

እሑድ

ጉዞው ያለ ችግር አለቀ ስል ሻንጣዬ ጉድ አደረገኝ። በሚሽከረከረው ማመላለሻ ላይ ብቅ ሲል አንዱ ጎኑ ተቀዷል፤ ለእህቴ የያዝሁላት በርበሬ ከሻንጣው አልፎ የሌላውንም ሰው ዕቃ አቅልቶታል። አጠገቤ የቆሙት ፈረንጆች ተራ በተራ ማስነጠስ ጀመሩ። አንድ ወጣት የጉምሩክ ሠራተኛ ጠራኝና፣ አሁን ሊቀማኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ እሱም አስነጠሰ። ከዚያ ሳቀ። ሄዶ ትልቅ ፌስታልና ፕላስተር ይዞ መጣ፤ ተንበርክኮ ሻንጣዬን ጠቀለለልኝ። እኛ አገር ቢሆን ኖሮ የዐሥር ሰው ትችትና ምክር ሰምቼ ነበር። ይህ ሰው አንዲት ቃል ሳይናገር ጨርሶ ሸኘኝ።

የሰዓዳ ባል ሰይድ መውጫው በር ላይ ጠበቀኝ። የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ዝምተኛ ነው፣ ሲናገር ግን የሚያስቅ ነገር አያጣም። ቤታቸው ግሩሩድ በሚባለው ሰፈር፣ ከጫካው ጥግ በቆመ ፎቅ ላይ ነው። ከመስኮቱ ወዲያ ጥቅጥቅ ያለ የጥድ ደን ይታያል። ደሴ በዚያ ሰዓት በባጃጅ ጡሩምባና በቸርቻሪ ጩኸት ትናወጣለች፤ ግሩሩድ ግን ሰው ያለባት አትመስልም። ሰዓዳ የራሷን አልጋ ለቃልኝ ሶፋ ላይ ተኛች። ብለምናትም እንቢ አለች።

ሰኞ

ሰዓዳ ባርነሃገ ነው የምትሠራው፤ ሕፃናት የሚውሉበት ቦታ ነው። ጠዋት ወጥታ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች፣ በዚያ በርበሬ የታሸ ዓሣ ሠራችልን። እኔ ደግሞ የመጣሁበትን ጉዳይ ማንሣት አለብኝ ብዬ «ሽማግሌዎቹ መቼ ነው የሚመጡት?» አልሁ።

ሂክማ ሹካዋን አስቀምጣ ተነሣች። የመኝታ ቤቷ በር ሲዘጋ ሰማሁ።

«አይመጡም» አለች ሰዓዳ። «ጉዳዩ ቀርቷል።»

«ትናንት አልነገርሽኝም።»

«በመንገድ የደከመ ሰው ላይ ምን እንዳወራ ነው?»

ሰይድ ሳህኖቹን ሰብስቦ ወደ ማጠቢያው ሄደ። እህቴ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የእናቱ አባት ቀጥቃጭ ነበር እቴ። ቡዳ ናቸው። ቤታቸው ተጠርተን በልተን በመጣን ማግሥት ሂክማ ትኩሳት ያዛት። ልጄን ዓይኔ እያየ እናቱ ልትበላብኝ?»

«ሐኪም ምን አለ?»

«ቫይረስ ነው አለ።»

«ታዲያ ቫይረስ ነዋ።»

«አንቺ ደግሞ ነርስ ነሽ» አለችኝ፤ ነርስ መሆኔ ነገሩን እንዳላውቅ ያደረገኝ ይመስል።

ይህን ወሬ በሥራዬ ስሰማው ኖሬያለሁ። ሕፃን ጡት እንቢ ሲል ሐኪም ቤት ከማምጣት በፊት ዓይኑን ያሳረፈበትን ሰው የሚፈልጉ እናቶች አጋጥመውኛል። እዚህ ግን ሰው ቀይ መብራት ሳይለወጥ ባዶ መንገድ እንኳ አያቋርጥም፤ እህቴም እዚሁ የሌላውን አገር ልጅ አቅፋ ታሳድጋለች። እንዲህ ያለው ነገር ባሕር ተሻግሮ ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ማክሰኞ

ሰዓዳ ሥራዋ አካባቢ ድረስ እንድመጣና አብረን ሱቅ እንድንዞር አስጠንታኝ ነበር። ቴባነ በሚሉት የከተማ ባቡር ወደ መሀል ከተማ መሄድ ነበረብኝ። እኔ ግን የመጣውን ባቡር ተሳፈርሁ። ጥቂት እንደተጓዝን ጫካው እየበዛ መጣ። ደንግጬ በሚቀጥለው ወረድሁ። ሰሌዳው ላይ «ሮመን» የሚል አነበብሁ፤ ስልኬ ደግሞ የአገር ቤት ሲም ስለሆነ አይሠራም።

ነጠላዋን በወፍራም ካፖርት ላይ የደረበች አሮጊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ሄጄ ቆምሁ። ቀና ብላ አየችኝና «ጠፍተሻል አይደል ልጄ?» አለችኝ፣ በትግርኛ ቃና በተነከረ አማርኛ።

አደይ ለተብርሃን ትባላለች። ኤርትራዊት ናት፤ በልጅነቷ አዲስ አበባ ኖራለች፣ ኦስሎ ደግሞ ጡረታ እስክትወጣ የሆቴል ክፍል ስታጸዳ ነበር። የምትሄድበትን ጉዳይ ትታ መጀመሪያ ቤቷ ወሰደችኝ፤ «ባዶ ሆድ ላይ የጠፋ ሰው ሁለት ጊዜ ይጠፋል» ብላ ሻይና ሕምባሻ አቀረበችልኝ። የማን እንግዳ እንደሆንሁ ስነግራት ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ከዚያ፦

«የሰዓዳ እህት ነሻ። ያሲንን የመለሰችው ሰዓዳ።»

«ታውቂያታለሽ?»

«የማያውቃት የለም። የያሲንን እናት ዘሀራንም አውቃታለሁ፤ ፕሪንስዳል ነው የምትኖረው። እስላሙም ክርስቲያኑም ዝግጅት ሲኖረው ምግብ የምትሠራው እሷ ነበረች። እህትሽ ያን ነገር ካወራች ወዲህ የሚጠራት ሰው የለም። ለቅሶ ቤት ሳምቡሳ ይዛ ብትመጣ ሳይነካ ተመለሰ። እኔ ቆሜ አየሁ።» ሻይዋን ቀማመሰችና ጨመረች፦ «ዘሀራ ሳህኑን አንሥታ ስትወጣ ደህና ዋሉ አላለችም። ምን ትበል?»

በእሷ ስልክ ለሰዓዳ ደውዬ ቤት ጠብቂኝ አልኋት፤ አደይ ለተብርሃን ራሷ ይዛኝ ተሳፍራ ግሩሩድ እስከ ቤቱ በር አደረሰችኝ። ግቢ ብላት «ሰዓዳን ዛሬ ማየት አልችልም» ብላ ተመለሰች። እስከዚያች ሰዓት ነገሩ የአንድ ቤት ጭቅጭቅ ነበር የመሰለኝ።

ረቡዕ

ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ሰዓዳን አደይ ለተብርሃን የነገረችኝን ጠየቅኋት። «እኔ ለሦስት ሴቶች ብቻ ነው የተናገርኩት» አለች። ሂክማ ሰምታን ኖሮ ማታ ወደ እኔ መጣች። «አክስቴ፣ ነገ ማማም ዕረፍት ናት። ከተማ ውስጥ አንድ ትንሽ ሙዚየም ላሳያችሁ» አለችኝ። የምን ሙዚየም እንደሆነ ስጠይቃት «የድሮ ፍርድ» ብቻ ብላ አለፈችው።

ሐሙስ

ቤቱ ቀይ ቀለም የተቀባ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ረጃጅሞቹ ፈረንጆች ጎንበስ ብለው ይገባሉ። ካፖርታችንን መስቀያ ላይ አኖርን። አስጎብኚያችን ፀጉሯ የሸበተ፣ ድምፅዋ ለስላሳ ሴት ነበረች። እንደኛ አገር አስጎብኚ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ የምትናገረው ነገር ሲከፋ እንዲያውም ይበልጥ ዝቅ ትላለች።

ሂክማ ትተረጉምልኛለች። ሰዓዳ ግን ቋንቋውን ስለምታውቅ አስቀድማ ትሰማለች። ስለዚህ እያንዳንዱን ነገር ትርጉሙ ከመድረሱ በፊት ከእህቴ ፊት ላይ አነበው ነበር።

ከሦስት አራት መቶ ዓመት በፊት በዚህ አገር ብዙ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ጠንቋይ ናችሁ ተብለው በእሳት ተቃጥለዋል። መጀመሪያ የመሰለኝ የተቆጣ ሕዝብ ያደረገው ነው። እኛም አገር ሰው ሲቆጣ ድንጋይ ያነሣል። «ናይ፣ እንደሱ አይደለም አክስቴ» አለች ሂክማ፤ አይደለም ሲሉ ናይ ነው የሚሉት። «ዳኛ ተቀምጦ ነው። ጸሐፊ አለ፣ ምስክር አለ፣ ቄስ አለ። በሕግ ነው።»

በሕግ የሚለው ቃል አጥንቴ ውስጥ ገባ።

ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ከእንጨት የተሠራች የሴት ምስል ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። የእጇ አውራ ጣት ከእግሯ አውራ ጣት ጋር በገመድ ታስሯል። በሰሜን፣ ባሕሩ ዳር፣ ዓውሎ ነፋስ ዓሣ አጥማጆቹን ይዞ ሲጠፋ ነፋሱን ያስነሡት ሴቶቹ ናቸው ይባል ነበር። የተጠረጠረችው እንዲህ ታስራ በረዶ የመሰለው ውሃ ውስጥ ትጣላለች። ከተንሳፈፈች ውሃው ጠልቷታል፣ ጥፋተኛ ናት፤ ትቃጠላለች። ከሰጠመች ንጹሕ ናት።

«ከሰጠመችስ ምን ይጠቅማታል?» አልሁ።

ሂክማ ለአስጎብኚዋ አስተላለፈችልኝ። ሴትዮዋ ገመዱን በእጇ አሳየችኝ። «በገመድ ለመጎተት ይሞክሩ ነበር» አለች።

ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ስለ አንዲት አዋላጅ የተጻፈ ነበር። ያዋለደችው ሕፃን ሞቶ ተወለደ። የእናቲቱ ቤተሰብ ከሰሳት። ከዚያ እያሠቃዩ ከአንቺ ጋር ማን ነበር እያሉ ሲጠይቋት የማታውቃቸውን ሴቶች ስም ጠራች፤ እነሱንም አመጧቸው። ይህን ስሰማ የቆምሁበትን ረሳሁ። በእኔም እጅ ላይ ሳይተነፍሱ የተወለዱ ልጆች አሉ። እያንዳንዷን እናት አስታውሳታለሁ። አንዷ እጄን ይዛ «አንቺ ምን ታደርጊ» ያለችኝን፣ ሌላዋ ደግሞ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አንዳች ሳትናገር የወጣችውን። ያቺ ዝም ያለችው ሌላ አገር፣ ሌላ ዘመን ብትሆን ኖሮ የእኔ መጨረሻ ምን ይሆን ነበር?

ዞር ስል ሰዓዳ ብቻዋን አንድ ጽሑፍ ፊት ቆማለች። ሄጄ ምን ይላል አልኋት። ሂክማ ልትተረጉም ስትል እህቴ ቀደመቻት።

«ይህችን ሴት የከሰሰቻት ጎረቤቷ ናት» አለች። «ልጇ ታሞባት። ከመታመሙ በፊት ሴትዮዋ ቤት በልቶ ነበር ይላል። መጀመሪያ ለጎረቤቶቿ ብቻ ነው የተናገረችው።»

«ከዚያስ?»

«አቃጠሏት።»

ነገ ይዘንባል እንደምትል ሰው ነው ያለችው። ከዚያ ሄዳ አግዳሚው ወንበር ላይ ዘጭ አለች። አስጎብኚዋ ውሃ አመጣችላት፣ አጠገቧም ቁጭ ብላ አንድ ነገር ጠየቀቻት። ሰዓዳ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ በኖርዌይኛ መለሰችላት። አጭር መልስ ነበር። ሂክማ አልተረጎመችልኝም፤ እናቷን እንደማታውቃት ሰው አፍጥጣ ታያታለች።

ወጥተን ባቡር ስንጠብቅ ምን ተባባሉ ብዬ ቀስ ብዬ ጠየቅኋት።

«ሴትዮዋ እናንተም አገር እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይ አለቻት።»

«እሷስ?»

«‹ያ› አለች። አለ ማለቷ ነው። ‹እኔ ራሴ አድርጌዋለሁ› አለቻት።»

ያን ማታ እራት የበላ ሰው የለም። ሰይድ የሆነውን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ «እኔ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ስነዳ ከኋላዬ ስንት ዓይን ያየኛል» አለ። «ዓይን ሰው የሚበላ ቢሆን ይሄኔ አጥንቴም አይገኝ።» ማንም አልሳቀም፤ እሱም እንዲሳቅ ብሎ አልነበረም።

ዓርብ

ሰይድ ከጁምዓ ሲመለስ ሰዓዳ ስልክ ይዛ ቁጭ ብላለች። አንሥታ ታስቀምጣለች፣ ደግማ ታነሣለች። በመጨረሻ ሂክማን ጠርታ «ለያሲን ንገሪው። ነገ እናቱን ልናያት እንመጣለን፤ ትፈቅድ እንደሆነ» አለቻት። ሂክማ ስልኩን ይዛ በረንዳ ወጣች። ስትመለስ «ኑ ብላለች» ብቻ አለች።

ቅዳሜ

ፕሪንስዳል ከግሩሩድ ሌላኛው የከተማው ጫፍ ነው። ሰይድ ሥራ ስለነበረው እኔና ሰዓዳ ብቻችንን ሄድን፤ ሂክማ ልቅር አለች፣ «የእናንተ ነገር ነው» ብላ። አውቶቡስ ስንቀይር ዝናቡ ያዘን፣ የያዝነው የፍራፍሬ ከረጢት ረጥቦ ሥሩ ተበጠሰና ብርቱካኑ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሁለት የኖርዌይ ተማሪዎች ከመኪናው መንገድ እየሮጡ ለቀሙልን። ያሲን ፌርማታው ላይ ጃንጥላ ይዞ ይጠብቀን ነበር። ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ቀጭን፣ ዓይነ አፋር ልጅ። ብርቱካኑን ከእጄ ተቀብሎ «እንኳን ደህና መጡ አክስቴ» ሲለኝ ሰዓዳ መሬት መሬት ታያለች።

ዘሀራ በሩን ከፈተች። እህቴ በቁሟ «አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አለች፤ ሌላ ብዙ ነገር አዘጋጅታ እንደነበር አውቃለሁ፤ አልወጣላትም። ዘሀራ በሩን ወለል አደረገችው። ከዚያ «ግቡ፤ ረጥባችኋል» አለች። ፎጣ አመጣችልን። የእኔን ካልሲ ራሷ ወስዳ ማሞቂያው ላይ አሰጣችልኝ።

ማዕዱ ተዘጋጅቶ ነበር። ዶሮ ወጥ፣ ቀይ ሥር፣ ሳምቡሳ፣ የተቀቀለ ድንች። ዘሀራ አቀረበችልን፣ እጃችንን አስታጠበችን፣ «ቢስሚላህ በሉ» አለችን። ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች።

መጀመሪያ የጎደለ ነገር ልታመጣ መሰለኝ። ግን ቆማ ቀረች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጋ፣ ቧንቧውን ሳትከፍት፣ ሥራ የያዘች ሳትመስል። ያሲን አንገቱን ደፋ። «ሁልጊዜ እንዲህ ናት» አለን በሹክሹክታ። «ሰው ሲበላ አታይም። ከልጅነቷ ጀምሮ ነው።»

ስንት ሠርግ ላይ ሠርታ፣ ስንት ሰው አብልታ፣ የሚበላ ሰው ፊት አይታ አታውቅም ማለት ነው። ቤተ መዘክሩ ውስጥ ካየሁት ሁሉ ይልቅ ያቺ ጀርባ አስደነገጠችኝ። እዚያ የታሰረችው የእንጨት ሴት ነበረች።

ሰዓዳ ተነሥታ ወጥ ቤት ገባች። የዘሀራን ክንድ ይዛ «ነይ፣ ቁጭ በይ» አለቻት።

«ግዴለም፣ ብሉ። እኔ በኋላ እበላለሁ።»

«እያየሽን ነው የምንበላው።»

«አልለመድኩም ሰዓዳ።»

«እኔም አልለመድኩም» አለች እህቴ።

ጎትታ አመጣቻትና ፊት ለፊቷ አስቀመጠቻት። ዘሀራ መጀመሪያ ሳህኑን፣ ከዚያ እጃችንን፣ በመጨረሻ ፊታችንን አየች። ሰዓዳ ጉርሻዋን ጠቀለለች። ወጡ ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ። ፍርሃቱ እንዳልወጣላት ማንም ያያል። የዘሀራን ዓይን እያየች ጎረሰች፣ አላመጠች፣ ዋጠች። ሁለተኛውን አነሣች። ዘሀራ እንባዋ በጉንጯ ሲወርድ አልጠረገችውም፤ ዓይኗንም ከሰዓዳ ላይ አላነሣችም።

እሑድ

ጠዋት ስነሣ ሰዓዳ ሶፋው ላይ ሆዷን ይዛ ተኮራምታለች። ቁርጠት ነው። ሂክማ ፊቷ አመድ መሰለ፤ ሰይድም እኔን አየኝ። ማንም ያን ቃል አልተናገረም፣ ሁላችንም ግን አስበነዋል፤ እኔም ጭምር፣ ነርሷ። ሆዷን ዳሰስሁት፣ ምንም ሳትበላ ሁለት ቀን ከርማ ያን ሁሉ ዶሮ ወጥ በአንዴ መብላቷን አስታወስኋት፣ ዝንጅብል አፍልቼ ሰጠኋት።

ይህን ስናደርግ ስልኳ ጠራ። ዘሀራ ነበረች። ሰዓዳ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እንዴት አደራችሁ?» የዘሀራ ድምፅ ቀጭን ሆኖ ነበር። «ሁላችሁም ደህና ናችሁ?»

እህቴ ከንፈሯን ነክሳ ቁርጠቱ እስኪያልፍ ጠበቀች። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና አድረናል» አለች። «እንዲያውም የዶሮውን አሠራር ልጠይቅሽ ነበር።»

ዘሀራ ከሽንኩርቱ ጀምራ አንድ በአንድ ነገረቻት። ሰዓዳ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። እኩለ ቀን ላይ ተሻላት።

ማክሰኞ ሽማግሌዎቹ መጡ፤ እኔም የመጣሁበትን ሥራ ሠርቼ ተመለስሁ። ሰዓዳ ለዚያ ሁሉ ሰው ዘሀራ የሠራችውን በላን ብላ ተናገረች፣ ቀድሞ ያወራችላቸውን ሴቶችም እየዞረች «ውሸት ነው ያልኳችሁ» አለቻቸው። አንዳንዶቹ ሰሟት።

ኒካሁ የታሰረው እኔ ደሴ ከገባሁ በኋላ ነው። በማግሥቱ ሰዓዳ ደወለችልኝ። ምግቡን ዘሀራ እንደሠራችው፣ አደይ ለተብርሃን ከሮመን ድረስ መጥታ የጾም ወጡን ደጋግማ እንዳነሣች፣ ሂክማ ስትስቅ እንደዋለች ነገረችኝ።

«ሁሉም በላ?» አልኋት።

«ሦስት ሴቶች ሳህናቸውን ሳይነኩ ተቀመጡ።»

«ምን አደረግሽ?»

«ምን አደርጋለሁ? ሳህኖቹን ወስጄ ፊታቸው በላሁላቸው።»

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ከባርነሃገው የሚመጣ የልጆች ጫጫታ በስልኩ ይሰማኛል።

«አሁን እኔንም ከዘሀራ ቆጥረው፣ ስመጣ ልጆቻቸውን ከፊቴ የሚሸሽጉ አሉ እቴ» አለችኝ። «ትናንት አንዷ የልጇን ፊት በሻርፕ ሸፈነችብኝ።»

«አንቺስ?» አልኋት።

«ሰላም ብያት አለፍኩ» አለች እህቴ፤ ልጆቹ እየጠሯት ስለነበር ስልኩን ዘጋችው።